እናታቸው አንድ፣ ዋጋቸው ሁለት

እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ይላል ተረቱ። መኪና ገዢን የሚያስቸግረው ግን እናቲቱን አይቶ፣ አጣርቶና ወዶ ካበቃ በኋላ ሁለት ልጆች ፊቱ ሲቆሙ ነው። ሃዩንዳይ ተክሰን ወይስ ኪያ ስፖርቴጅ? ሱዙኪ ባሌኖ ወይስ ቶዮታ ስታርሌት? ቮልስዋገን ፓሳት ወይስ ስኮዳ ሱፐርብ? ሞተራቸው ይመሳሰላል፣ ካምቢዮአቸው ይመሳሰላል፤ አንዳንዶቹ የተገጣጠሙበት አዳራሽ ሳይቀር አንድ ነው። ዋጋቸው ግን አንድ አይደለም። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲሸጡ የሚያወጡት ደግሞ ይበልጥ ይለያያል።

አብዛኛው ገዢ ልዩነቱን የሚፈልገው ኮፈኑ ሥር ነው። መካኒክ ይዞ ይሄዳል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ድምፁን ያዳምጣል። ከአንድ ቤት የወጡ መኪኖች ላይ ግን ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ያለው ከመኪናው ውጭ ነው፤ ወኪሉ ዘንድ፣ መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ፣ በዋስትና ወረቀቱ ላይ፣ መኪናውን ነገ ከእኛ በሚገዛው ሰው ልብ ውስጥ። ነገሩን ከሥሩ ብናየው ይህ ይበልጥ ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ራሱን የሚፎካከር አምራች

ነገሩን በሥርዓት የጀመሩት አሜሪካኖች ናቸው። በ1920ዎቹ ጄኔራል ሞተርስን ይመሩ የነበሩት አልፍሬድ ስሎን የኩባንያውን ብራንዶች በዋጋ ደረጃ አሰለፏቸው። ከታች ሼቭሮሌት፣ ከፍ ሲል ፖንቲያክ፣ ኦልድስሞቢልና ቢዩክ፣ ከሁሉ በላይ ካዲላክ። ሐሳቡ ገቢው ያደገ ሰው መኪና ሲቀይር ወደ ሌላ ኩባንያ ሳይሻገር እዚያው ቤት ውስጥ ከፍ የሚልበት ቦታ እንዲያገኝ ነበር። በዚያ ዘመን ልዩነቱ የምር ነበር፤ ኦልድስሞቢልም ቢዩክም የየራሳቸውን ሞተር ይሠሩ ነበር።

ውሎ አድሮ ወጪ መቆጠብ መጣና ደረጃዎቹ ተቀራረቡ። በ1977 ኦልድስሞቢል ከገዙት መካከል ብዙዎቹ ኮፈኑ ሥር ያገኙት የሼቭሮሌት ሞተር ሆነ። ሞተሩ መጥፎ አልነበረም፤ እነሱ ግን የከፈሉት ለሌላ ነበርና ከሰሱ፣ ኩባንያውም ካሳ ከፈለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካዲላክ ሲማሮን የተባለ ትንሽ መኪና አወጣ። ከውስጥ ሲያዩት ቆዳ ወንበር የተጨመረበት ሼቭሮሌት ካቫሊየር ነበር። ገዢው ነቃበት፤ በ1988 ምርቱ ቆመ። የስም ልዩነት ብቻ የቀራቸው ብራንዶች ዕድሜ እንደማይኖራቸው ከዚያ ወዲህ በተከታታይ ታየ። ፕሊመዝ በ2001፣ ኦልድስሞቢል በ2004፣ ፖንቲያክ በ2010 ተዘጉ፤ የፎርዱ ሜርኩሪም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ።

ሌሎቹ ግን ብራንዶቻቸውን የምር መለየትን መረጡ። ቮልስዋገን አውዲን በ1960ዎቹ፣ ሴአትን በ1986፣ ስኮዳን ከ1991 ጀምሮ ወደ ቤቱ አስገብቶ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ገዢ መደበላቸው። ቶዮታ በ1989 ሌክሰስን ከባዶ ፈጠረ። ሃዩንዳይ የከሰረውን ኪያን በ1998 ገዛ፤ ዛሬ በእጁ ያለው ድርሻ ሲሶ ገደማ ሲሆን የኪያ አክሲዮን በሴኡል ገበያ ለብቻው ይሸጣል፣ የንድፍ ቡድኑም የራሱ ነው። ስለዚህ ሃዩንዳይና ኪያ ሞተር ተካፍለው ገበያ ላይ የምራቸውን ይጣላሉ።

ዝምድናው ስንት ዓይነት ነው?

«አንድ ናቸው» የሚባሉት መኪኖች ሁሉ እኩል አይዛመዱም።

የመጀመሪያዎቹ መንትዮች ናቸው፤ መኪናው አንድ ሆኖ የተቀየረው ምልክቱ፣ ግፋ ቢል የፊት ፓራውልቱና መብራቱ ነው። ለአፍሪካ ገበያ የሚቀርበው ቶዮታ ስታርሌት ሕንድ ውስጥ የሚመረተው ሱዙኪ ባሌኖ ነው፤ ሕንድ ራሷ ውስጥ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ቶዮታ ግላንዛ ተብሎ ይሸጣል። ቶዮታ 86 እና ሱባሩ ቢአርዜድ ሁለቱም የሚወጡት ከሱባሩ ፋብሪካ ነው። ሁለተኛው ትውልድ ዳይሃትሱ ቴሪዮስ ጃፓን ውስጥ ቶዮታ ረሽ ሆኖ ተሽጧል።

ሁለተኞቹ እህትማማቾች ናቸው። የሚጋሩት ፕላትፎርም የሚባለውን ነው፤ ማለትም ወለሉን፣ የጎማና የመሪ ማያያዣውን፣ ሞተሩ የሚቀመጥበትን ቦታና የኤሌክትሪክ መስመሩን። ከዚያ በላይ ያለው አካልና ውስጡ የየራሳቸው ነው። ቮልስዋገን በ2012 ኤምኪውቢ የተባለውን ፕላትፎርም ሲያወጣ ጎልፍ፣ አውዲ ኤ3፣ ሴአት ሊዮንና ስኮዳ ኦክታቪያ ሁሉም እሱ ላይ ተሠሩ። ተክሰንና ስፖርቴጅ፣ የሃዩንዳይ አዮኒክ 5 እና የኪያ ኢቪ6 የሚመደቡትም እዚህ ነው።

ሦስተኞቹ አንድ ቤት ያደጉ ነገር ግን ሆን ተብሎ የተለያየ ኑሮ የተሰጣቸው ናቸው፤ ቶዮታና ሌክሰስ፣ ኒሳንና ኢንፊኒቲ፣ ሬኖና ዳሲያ። እዚህ ፕላትፎርሙ አንድ ቢሆንም አንደኛው ላይ የተጨመረው ወይም ከሌላኛው ላይ የተቀነሰው ብዙ ነው።

ገዢ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ፊቱ ያሉት መኪኖች ከሦስቱ የትኞቹ እንደሆኑ ነው። መንትዮች ላይ ስለ ጥራት መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ሦስተኞቹ ላይ ደግሞ «ያው ቶዮታ አይደል» ብሎ መዝለል ስህተት ነው።

አንድ መስመር፣ ሁለት ምልክት

ምልክት ብቻውን ምን ያህል ያወጣል ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የጠራው ማስረጃ የተገኘው ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ከተማ ነው። ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በ1984 ኑሚ የተባለ ፋብሪካ በሽርክና ከፈቱ። ከፋብሪካው ቶዮታ ኮሮላም፣ መጀመሪያ ሼቭሮሌት ኖቫ በኋላ ጂኦ ፕሪዝም የተባለው መንትያው መኪናም ይወጡ ነበር። ሠራተኛው አንድ፣ ንድፉም የቶዮታ ነበር። ገበያው ግን ኮሮላውን አስበልጦ ገዛው። ያገለገሉት ሲሸጡ ደግሞ ልዩነቱ ሰፋ፤ የፕሪዝም ዋጋ ቶሎ ወረደ።

ከዚህ ሁለት ተቃራኒ ምክሮች ይወጣሉ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አዲስ ገዝቶ በሦስት በአራት ዓመት ለሚሸጥ ሰው ኮሮላው የወሰደበትን ትርፍ ገንዘብ ሲሸጥ ይመልስለታል። ያገለገለ ገዝቶ እስኪያረጅ ለሚነዳ ግን ፕሪዝም በቅናሽ የተገኘ ቶዮታ ነበር። ከዚያው ፋብሪካ የወጣው፣ የቶዮታ ማትሪክስ እህት የሆነው ፖንቲያክ ቫይብም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ፖንቲያክ ከተዘጋ በኋላ ቫይብን የሚያውቅ ገዢ አልተቸገረም፤ ሞተሩ የቶዮታ ነውና መለዋወጫውም ባለሙያውም አልጠፋም። በተዘጋ ብራንድ ምልክት የሚሸጥ መኪና አስፈሪ የሚሆነው በሕይወት ያለች እህት ከሌለችው ነው።

ጉድለትም ይወረሳል

ዝምድናው ጥንካሬን ብቻ አያወርስም። በ2015 የቮልስዋገን የናፍጣ ሞተር የጭስ ምርመራን የሚያታልል ሶፍትዌር እንደተገጠመለት ሲጋለጥ፣ በዓለም ዙሪያ ከተነኩት ወደ 11 ሚሊዮን መኪኖች ውስጥ አውዲም ስኮዳም ሴአትም ነበሩ። በ2023 መጨረሻ ዳይሃትሱ የደኅንነት ፈተናዎችን ሲያጭበረብር መቆየቱ ሲረጋገጥ፣ ችግሩ ዳይሃትሱ ሠርቶላቸው በቶዮታ፣ በማዝዳና በሱባሩ ምልክት የሚሸጡትንም ሞዴሎች ነካ። ፔዦ፣ ሲትሮዬንና ኦፔል የሚጋሩት ባለ 1.2 ሊትር ፒዩርቴክ ሞተር በዘይት ውስጥ የሚዞር ቀበቶ አለው። ቀበቶው ያለጊዜው እየተበላሸ ብዙ ሰው ካማረረ በኋላ አምራቹ ስቴላንቲስ በ2024 አውሮፓ ውስጥ ዋስትናውን እስከ 10 ዓመት ወይም 175,000 ኪሎ ሜትር ለማራዘም ተገደደ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ የሃዩንዳይ አዮኒክ 5ም የኪያ ኢቪ6ም ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚሞላው ክፍል ስለሚበላሽ ለነፃ ጥገና ተጠሩ።

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በቅርብ የሚያውቁት ሌላ ምሳሌ አለ። እዚያ ከ2011 እስከ 2021 ከተሸጡት ሃዩንዳይና ኪያ መኪኖች ብዙዎቹ፣ በተለይ በብረት ቁልፍ የሚነሱት፣ ኢሞቢላይዘር፣ ማለትም ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክል መሣሪያ፣ አልነበራቸውም። መኪኖቹ እንዴት እንደሚሰረቁ የሚያሳይ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዛመት በየከተማው ስርቆቱ አሻቀበ። አንዳንድ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች በተወሰኑ ከተሞች አዲስ ውል አንገባም እስከ ማለት ደረሱ። ድንበር ተሻግሮ ካናዳ ውስጥ ግን ኢሞቢላይዘር ከ2007 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ስለሆነ ያ መዓት አልደረሰም። እዚህ ላይ «ኪያ ይሻላል ወይስ ሃዩንዳይ» ብሎ መጠየቅ ምንም አይፈይድም። የሚጠየቀው መኪናው ለየትኛው አገር ሕግ ተሠርቶ እንደወጣ ነው።

ስለዚህ ስለ አንድ ሞዴል ችግር የሚያጣራ ሰው የእህቱንም ስም መጨመር አለበት። ስፖርቴጅ የሚገዛ የተክሰንን፣ ኦክታቪያ የሚገዛ የጎልፍን ጉድለት ያጥና።

ልዩነቱ የምር ሲሆን

እስካሁን የተባለው ሁሉም አንድ ነው ማለት አይደለም። የጎልፍ የዕቃ መጫኛ 380 ሊትር ገደማ ሲይዝ የኦክታቪያ 600 ሊትር ይይዛል፤ ለቤተሰብ ይህ ከማንኛውም ምልክት ይበልጣል። አዮኒክ 5 እና ኢቪ6 ሁለቱም በ800 ቮልት ሥርዓት በፍጥነት ይሞላሉ። ሆኖም በአዮኒክ 5 የፊትና የኋላ ጎማ መካከል 3,000 ሚሊ ሜትር፣ በኢቪ6 2,900 ሚሊ ሜትር አለ። ከኋላ ወንበር ለሚቀመጥ ረጅም ሰው ያቺ 10 ሳንቲ ሜትር ትታወቀዋለች።

ከሁሉ አስተማሪው የዳሲያ ሳንዴሮ ነው። ሳንዴሮና ሬኖ ክሊዮ ፕላትፎርማቸው አንድ ነው። ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የአውሮፓ የደኅንነት መርማሪ ግን ለክሊዮ በ2019 አምስት ኮከብ፣ ለሳንዴሮ በ2021 ሁለት ኮከብ ሰጠ። ለውጤቱ መራራቅ ዋናው ምክንያት ከሳንዴሮ ላይ የተቀነሱት አሽከርካሪን የሚረዱና አደጋን የሚያስቀሩ መሣሪያዎች ናቸው። የአጥንት አንድነት የዕቃ አንድነት ማለት አይደለም።

በላይኛው ጫፍ ላንድ ክሩዘር 300 እና ሌክሰስ ኤልኤክስ 600 አሉ። ሁለቱም በ2021 የወጡ፣ ቻሲሳቸውና መንትያ ተርቦ ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተራቸው የጋራ ነው። ሌክሰሱ ላይ ግን ከፍታውን በዘይት ግፊት የሚያስተካክል ሰስፔንሽን፣ ጸጥ ያለ ውስጥና የተለየ መስተንግዶ አለ። ለከተማ ኑሮ ይህ ምቾት ነው። ወኪል በሌለበት አገር ግን ያው ሰስፔንሽን ሲበላሽ ትልቅ ወጪ ነው፤ ቀላሉ ላንድ ክሩዘር በገጠር መንገድ የሚወደደውም ለዚህ ነው።

«ታናሽ» የተባለችውም ሁልጊዜ ታናሽ አይደለችም። የአሁኑን ፓሳት የማልማቱን ሥራ የመራው ስኮዳ ነው፤ ፓሳትና ሱፐርብ ሁለቱም ስሎቫኪያ፣ ብራቲስላቫ ፋብሪካ ውስጥ ይመረታሉ። ቮልስዋገን የሚለው ምልክት የበላይ ምሕንድስና ማስረጃ ነው ብሎ ተጨማሪ የሚከፍል ሰው እየከፈለ ያለው ለታሪክ ነው።

አገር ሲለወጥ መልሱም ይለወጣል

አምራቹ አንድ ቢሆንም በየአገሩ የሚወክለው ሰው አንድ ላይሆን ይችላል። እስራኤልን እንውሰድ። እዚያ ቮልስዋገንን፣ አውዲን፣ ሴአትንና ስኮዳን የሚያስመጣው አንድ ኩባንያ ነው፤ ገዢው ከየትኛውም ብራንድ ቢገዛ የሚመለስበት ቤት አንድ ነው። ሃዩንዳይንና ኪያን የሚያስመጡት ግን ሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ናቸው። ስለዚህ በኪያ ፒካንቶና በሃዩንዳይ አይ10 መካከል የሚመርጥ ሰው ሳያውቀው በሁለት አስመጪዎች መካከል እየመረጠ ነው፤ የሰርቪስ ዋጋ፣ የዕቃ አቅርቦትና የቀጠሮ ፍጥነት የሚወሰነው እዚያ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ተቃራኒው ይታያል። በኤምሬትስ አል ፉጣይም፣ በሳዑዲ አብዱል ላጢፍ ጀሚል ቶዮታንም ሌክሰስንም ይዘዋል። እዚያ ወኪል አይለይምና ሚዛኑ ወደ መልሶ መሸጫ ዋጋ ያዘነብላል፤ ላንድ ክሩዘር ደግሞ በዚህ የታወቀ ነው። ጃፓን ውስጥ ላንድ ክሩዘር 300 ሲወጣ ቶዮታ ገዢዎቹን በአንድ ዓመት ውስጥ ላለመሸጥ ቃል አስፈርሟቸዋል፤ ወደ ውጭ አትርፎ የሚሸጠው ሰው ያን ያህል አስግቶት ነበር።

ሕንድ ውስጥ ግላንዛና ባሌኖ አንድ መኪና ሆነው ሳለ ልዩነት የፈጠረው ዋስትናው ነበር። ቶዮታ 3 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሰጥ፣ ሱዙኪ የሚሰጠው 2 ዓመት ወይም 40,000 ኪሎ ሜትር ነበር። በ2024 ሱዙኪም የራሱን ወደ 3 ዓመትና 100,000 ኪሎ ሜትር አሳደገና ክፍተቱ ተዘጋ። የትናንቱ ትክክለኛ ምክር ዛሬ ላይሠራ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ወደ አገራችን ስንመጣ የእስራኤሉ ሁኔታ ይበረታል። ቶዮታ የሞኤንኮ፣ ሱዙኪ የታምሪን፣ ሃዩንዳይ የማራቶን፣ ኪያ የበላይአብ ነው። እህትማማቾቹ እዚህ ሲደርሱ ባዕድ ይሆናሉ። አንዱ ወኪል ሌላው የሸጠውን በዋስትና አይጠግንም። ዝምድናው የሚመለሰው ከወኪሉ ደጅ ውጭ፣ ሰፈር ጋራዥና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ነው። ቶዮታ ያሪስን የሚያውቅ መካኒክ የዚያኑ ትውልድ ቪትዝ ያውቃል፤ አንዱ የአውሮፓ ሌላው የጃፓን ስም ነውና። የሃዩንዳይም የኪያም ዋና መለዋወጫ የሚወጣው ሞቢስ ከተባለ አንድ ኩባንያ ነው። በቮልስዋገን ቤትም አንድ የዕቃ ቁጥር ብዙ ብራንድ ላይ ያገለግላል። ዕቃ ሲፈለግ በመኪናው ስም ሳይሆን በዕቃው ቁጥር መጠየቅ አንዳንዴ የእህቲቱን መደርደሪያም ይከፍታል።

ሁለቱ አይዲ 4ቶች

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ጥያቄው አዲስ መልክ ይዟል። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ብራንድ ራሱ የራሱ እህት ሆኖ ይታያል።

ምክንያቱ የቻይና ሕግ ነው። የውጭ መኪና አምራቾች እዚያ ለማምረት ለረጅም ዘመን ከአገሬው ኩባንያ ጋር መሻረክ ነበረባቸው፤ ለአንድ ዓይነት ተሽከርካሪም እስከ ሁለት ሸሪክ ይፈቀድ ነበር። የቤት መኪና ላይ የነበረው የድርሻ ገደብ የተነሣው በ2022 ነው። በዚህ የተነሣ ቮልስዋገን አይዲ 4ን ሁለቴ ሠራው፤ አይዲ 4 ክሮዝ ከኤፍኤደብሊው፣ አይዲ 4 ኤክስ ከሳይክ ጋር። ፕላትፎርማቸው አንድ፣ ስማቸው አንድ ነው ለማለት ይቻላል። ፊታቸው ግን ይለያል፣ ርዝመታቸውም በሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበላለጣል። የተጋጨ ፓራውልት ሊቀይር የሄደ ሰው «የአይዲ 4» ብቻ ብሎ ከጠየቀ የማይገጥም ዕቃ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ቶዮታም እንዲሁ ነው፤ ከኤፍኤደብሊው ጋር ራቭ4፣ ከጋክ ጋር ደግሞ እህቱን ዋይልድላንደር ይሠራል።

ከሁለቱ አይዲ 4ቶች አንዱን ከመምረጥ በላይ ግን የሚያሳስብ ነገር አለ፤ ሁለቱም ለቻይና ገዢ የተሠሩ ናቸው። የኃይል መሙያ ሶኬታቸው የቻይና ነው፤ ለአውሮፓ ከተሠራው አይዲ 4 ሶኬት ጋር አይገጥምም። የስክሪኑ ቋንቋ፣ የስልክ መተግበሪያውና የሶፍትዌር ማሻሻያው ከቻይና ገበያ ጋር የታሰረ ነው። በቢዋይዲም ስሙ ያደናግራል። ቻይና ሲገል የሚባለው አውሮፓ ዶልፊን ሰርፍ፣ ዩዋን ፕላስ የሚባለው ውጭ አገር አቶ 3 ነው። የውጭ አገር ግምገማ አንብቦ የሚወስን ሰው ያነበበው ስለዚያው መኪና ቢሆንም ስለዚያው ሶኬትና ሶፍትዌር ላይሆን ይችላል።

ምርጫው በምን ቅደም ተከተል?

ከዳሰሳው የሚወጣው ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ከሚከተለው የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ የዝምድናውን ዓይነት መለየት፤ መንትዮች ከሆኑ ስለ ሞተር ማውራት ማቆም። ቀጥሎ በሁለቱም ስም የታወቁ ጉድለቶችን ማጣራት፤ ጉድለቱ የጋራ ከሆነ ሁለቱንም ትቶ ሌላ ቤት ማየት ይሻላል እንጂ ከአንዷ ወደ ሌላዋ መሸሽ አያድንም። ከዚያ ዋስትናው በሚኖሩበት አገር ማን ዘንድ እንደሚሠራ፣ ዕቃ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ኢንሹራንሱ ስንት እንደሚጠይቅ ማወቅ። ለየትኛው ገበያ እንደተመረተ መመርመር፣ በተለይ ኤሌክትሪክ ከሆነ። የወንበሩ ምቾት፣ የዕቃ መጫኛውና መልኩ የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው፤ እነዚህ የምር የሚለያዩት እህትማማቾችና ከእነሱ የራቁት ዘመዶች ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ልብን መከተል ነውር የለውም።

የመጨረሻው ጥያቄ መኪናውን ለስንት ዓመት ይነዱታል የሚለው ነው። ቶሎ የሚሸጥ ሰው ገበያው የሚያምነውን ምልክት ይግዛ፤ ትርፍ የከፈለው ገንዘብ አብዛኛው ይመለስለታል። አሥር ዓመት የሚነዳ ሰው ግን ምልክቱ ላይ የጨመረውን የሚመልስለት የለም። ለእሱ ገበያው የናቃት እህት፣ ዕቃዋና መካኒኳ እስካልጠፉ ድረስ፣ የተሻለችው ግዢ ናት።